መጽሐፍ ይሰፋልን!

ነገሌ ቦረና ሲነሣ አዲስ አበቤ ትዝ የሚለው የ1966ቱ አመፅ ነው። በጥር ወር ወታደሮቹ በምግብና በውኃ ተማርረው አዛዦቻቸውን ያገቱበት፣ አብዮቱም «ሀ» ብሎ የጀመረበት ከተማ። (ጋዜጠኝነት ስንማርም ስለ ነገሌ የሰማነው ይኸንኑ ነው።) ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ልብስ ሰፊዎቿ ነው። አዎ፣ ስለ ልብስ ሰፊዎች!

ነገሌ በሉት ያቤሎ፣ ሞያሌ በሉት ፊልቱ፣ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋ አይጠፋም። ከእግሩ ሥር ቁርጥራጭ ይከመራል፤ የድሪያ፣ የሻሽ፣ የጅንስ፣ የካኪ። ማታ ተጠርጎ ይጣላል። እኛ የምንለው፣ ያ ቁርጥራጭ የልጆች መጽሐፍ ይሁን ነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ለንደን ውስጥ ዲንስ የተባለ ኩባንያ በ1903 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የማይቀደድ የጨርቅ መጽሐፍ ማውጣት ጀምሮ ነበር። መጽሐፍ መስፋትም ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ የብራና መጻሕፍቶቻችን በክር የተሰፉ ናቸው፤ የብዙዎቹን ሽፋን ከውስጥ በኩል ብታዩት ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም ባለ አበባ ጨርቅ ታገኙበታላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አቡጀዲ በእኩል መጠን ይቆረጥና ሥዕሉ ገጹ ገና ነጠላ እያለ ይሰፋበታል። ከዚያ ሁለት ገጽ ፊት ለፊት ተገጥሞ ሦስት ጎኑ በሲንጀር ይመታል፤ እንደ ትራስ ልብስም ይገለበጣል። የመኪናው ድርሻ ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለውና የማይተረተረው። ጣት የሚወደው ጎርበጥ ያለው ነገር ግን የእጅ መርፌ ይፈልጋል። ለምሳሌ ኩይሳ። የቦረናን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን። ከጆንያ ተቆርጦ፣ ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቆ በእጅ ይሰፋል። ግመሏ ከአሮጌ ብርድ ልብስ፣ የገናሌ ወንዝ ከሽንሽን። ኤላው ደግሞ ጥልቅ ኪስ ነው፤ ልጁ እጁን ወደ ታች ይሰድና መጨረሻው ላይ ሳቲን ያገኛል። ውኃ!

ለምን እዚያ? በእነዚህ ከተሞች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። መጽሐፍ ይታተም ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው «በየትኛው ቋንቋ?» ነው (ይህች ጥያቄ ስንት ነገር አስቀርታለች!)። ጽሑፍ የሌለውን የጨርቅ ገጽ ግን እናት በአፏ በፈታችበት ቋንቋ ትተርከዋለች።

ዋናው ጉዳያችን የማያየው ልጅ ነው። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 1.6 የሚሆነው ሕዝባችን ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ብሬል ጥቃቅን ነጥብ ነው፤ ያንን የሚለይ ጣት በአንድ ጀንበር አይገኝም። የሚያይ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር በፊት ስንት ሥዕል ያያል! የከረሜላ መጠቅለያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የአይሱዙ ጀርባ። ዓይነ ስውሩስ? ቀጥታ ወደ ነጥቡ። ያውም ትምህርት ቤት ከደረሰ።

«ስንት የጎደለ እያለ ጨርቅ ትሰፋላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ቦረና ከብቱን አጥቷል። መጽሐፍ ውኃ ይተካል አላልንም። ግን በድርቅ ዓመት አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ማን ነው? ልብስ ሰፊውም ሥራ ያጣል፤ ገጽ መስፋት ለእሱ እንጀራ ነው።

እኛን የሚያስፈራን ሌላ ነው። ነገሩ ይወደድና «ፕሮጀክት» ይሆናል፤ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል፣ ባነር... መጨረሻ ላይ በሙጫ የተለጣጠፉ አሥር መጻሕፍት ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። ሙጫው አንዴ ሲታጠብ ይለቃል። ይልቅ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም እንደሚያሰፉት ሁሉ መጽሐፍም ይዘዙ፤ በገጽ ተዋውለው፣ ቀብድ ከፍለው። ለትንንሾቹ ከሆነ ቁልፍና ጨሌ ይቅር፤ ተነቅሎ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ የክር ቋጠሮ ይበቃል።

ከመረከባችሁ በፊት ደግሞ አንዷን ገጽ ለዓይነ ስውር ሰው ስጡና ምን እንደሆነች ጠይቁት። ግመሏን «ፍየል ናት» ካለ፣ ትፈታና እንደገና ትሰፋ።