«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» ሲሉን



ባለፈው ሳምንት ከዒሻ በኋላ ዶርማችን ውስጥ የተለመደው ክርክር ተነሣ። ፈጣሪ የለም የሚለው ልጅ «ሁሉም ነገር ፈጣሪ ካስፈለገው፣ ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» አለ። መልስ ሲጠፋኝ «አንተ እኮ የምትክደው እንዳሻህ ለመኖር ብለህ ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ዝም አለ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ለመተኛት ስንል ግን አንድ ሙስሊም ወንድማችን ቀስ ብሎ «ጥያቄው ግን አልተመለሰም አይደል?» አለኝ። ለካ ሹብሃው እሱም ውስጥ ነበረ።

ፍሬሽማን ሳለን በሎጂክ ኮርስ የሸመደድነው አድ ሆሚነም ይኸው ነው፤ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መምታት። ለፋይናል አጥንተነው ዶርም ስንገባ እንረሳዋለን።

መልሱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ጥያቄው የሚያፈርሰው እኛ ያላልነውን ነው። በርትራንድ ራስል በ1927 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር ይህንኑ አንሥቶ ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ግን ከእሱ ከ800 ዓመት በላይ ቀድመው ሲሞግቱ፣ አስገኚ ያስፈልገዋል ያሉት መጀመሪያ ያለውን ነገር እንጂ ሁሉንም ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሌለውን «ማን አስጀመረው?» ማለት ትርጉም የለውም። «ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በምን አወቅህ?» ቢለኝ ኖሮ ግን ተገቢ ጥያቄ ነበር። ክርክሩ መሆን ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ወገን ስሕተት ይብሳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በአላህ ስም ነው የምንሠራው። «የለም ካልክ አለመኖሩን አረጋግጥ» እንላለን፤ አለማረጋገጡ ግን ለእኛ ማስረጃ አይሆንም። «ይህንን ሳይንስ አልደረሰበትም፣ ስለዚህ አላህ ነው» እንላለን። ነገ ቢደርስበትስ? በዚያ ላይ ኢማኑን የሰቀለው ወንድም ምን ይሁን? አላህ እኮ የምናውቀውንም የማናውቀውንም የፈጠረ ጌታ ነው። አል-ገዛሊ «ተሃፉት» በተባለው ኪታባቸው መግቢያ፣ የግርዶሽን ስሌት በዲን ስም የሚክዱ ሰዎች ዲኑን እንደሚጎዱት አስጠንቅቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ ነው። ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ለእሱ ሞት ነው አሉ። ዝም ቢሉ ስንቱ «ተአምር» ብሎ ባወራላቸው! እሳቸው ግን በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት የማይጋረዱ መሆናቸውን ተናገሩ። ለእሳቸው የሚያደላውን ሐሰተኛ ማስረጃ ራሳቸው ጣሉት።

ልጁን በማግሥቱ አፉ በለኝ ብየዋለሁ። «ዓለም መጀመሪያ አለው ወይ?» በሚለው ላይ ጁሙዓ ማታ እንቀጥላለን፤ ያ ወንድማችንም ይመጣል። ሻዩ በእኔ ነው።