ወንበሮቹን በኪሎ አትሽጡ

ስለ ወንበር ልንጽፍ ነው። አትደንግጡ፣ ያ ወንበር አይደለም። አንዴ የተቀመጠበት ሰው መነሣት የሚያቅተውን ወንበር ለሌሎች ጸሐፊዎች ትተናል። የእኛው ታጥፎ ግድግዳ የሚደገፈው፣ ሲዘረጋ "ቋ!" የሚለው፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቢያንስ አንዴ ጣታችሁን የነከሳችሁ ተጣጣፊው ወንበር ነው። በቃህ ሲሉት ያለ ክርክር የሚታጠፍ ወንበር እሱ ብቻ ስለሆነ ትንሽ አክብሮት ይገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው እድር ስብሰባ ላይ ነው። ከእኛ መካከል የሦስታችን ቤተሰቦች የአንድ እድር አባላት ናቸው። ባለፈው ወር ንብረት ክፍሉ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። መጋዘን ውስጥ ያሉት 60 አሮጌ የብረት ተጣጣፊ ወንበሮች ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ይሸጡ፤ በምትካቸው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አጀንዳው ተዘግቶ ወደ ቅጣት ጉዳይ ሊታለፍ ሲል እኛ እጅ አወጣን። እድር ስብሰባ ላይ ወጣት እጁን ሲያወጣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው "መዋጮው ይቀነስ" ሊል ነው ብሎ ነው። እኛ ግን "ከመሸጣቸው በፊት አንድ በአንድ እንያቸው" አልን። ሳቅ ሆነ። አንድ አባት ዞር ብለው "ልጆቼ፣ ወንበር ምኑ ይታያል? ይቀመጡበታል እንጂ" አሉን።

እዚያው የምንመልሰው ጠፋን። ቤት ስንገባ ግን መልሱ መጣልን፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለእኚህ አባት ነው፤ የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ ካለ አደራ።

በቅድሚያ ኑዛዜ። እኛ አሮጌ ተጣጣፊ ወንበር እንሰበስባለን። አዎ፣ ቴምብር የሚሰበስብ ሰው እንዳለ ሁሉ። እስካሁን 11 አሉን፤ የአንዳችን እናት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተደርድረዋል። እናትየው "ድንኳን ልትከራዩ ነው እንዴ?" ብለው ከጠየቁ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ትተውናል። የመጀመሪያው የተገኘው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ቤት ነው። ገልብጠን ስናየው ከመቀመጫው ሥር "ሳምሶናይት" የሚል ጽሑፍ አለው። ለእኛ ሳምሶናይት ማለት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚይዘው፣ ውስጡ ማኅተም ይኑር ሳንድዊች የማይታወቀው ቦርሳ ነው። ለካ በ1910 ዴንቨር ውስጥ ሻንጣ መሥራት የጀመረው ይሄው ኩባንያ የአሜሪካ ቤቶችን በተጣጣፊ ጠረጴዛና ወንበርም ሲያጥለቀልቅ ኖሯል። (እዚህ የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ደግሞ ብታስቡት ይገባል፤ ሻንጣም ወንበሩም የሚተዳደሩት በማጠፊያቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርን፤ ማንበብ ደግሞ ያባልጋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ያለው ዘመን ለተጣጣፊ ወንበር ደህና ዘመን ነበር። ብዙ ከተማ ፈርሷል፤ አዲስ የሚሠራው ቤት ጠባብ ነው፤ ሳሎኑ መኝታ ቤትም ምግብ ቤትም ነው። (የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነዋሪ ሆይ፣ ይሄ ታሪክ ያንተም ነው።) ቀጭን የብረት ቱቦና አሉሚኒየም እንደ ልብ መገኘት ጀመሩ። ያኔ ትልልቆቹ ወንበር ነዳፊዎች ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ተጣጣፊ ወንበር ቁጭ ብለው አሰቡበት።

ሃንስ ቬግነር የሚባለው ዴንማርካዊ በ1949 ያወጣው አለ። እንጨት ነው፤ መቀመጫውና መደገፊያው በሸምበቆ ልጥ የተጠለፈ። ከመቀመጫው ፊት ለፊት በኩል ሁለት እጀታ አለው፤ ሲታጠፍ ደግሞ ከግድግዳ ላይ ማንጠልጠያ ይሰቀላል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ያሰበው ስለሚቀመጠው ሰው ብቻ አይደለም። ወንበሩን ስለሚሸከመው ሰውም አስቧል። በእኛ አገር ድግስ አሥር ወንበር በአንድ እጁ ጠርንፎ የሚሮጥ ልጅ ሆኖ የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ጋ ቆሞ ያጨብጭብ።

ሌላው ዴንማርካዊ ሞንስ ኮክ ነው። የእሱ ወንበር በ1932 ለቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ውድድር የተነደፈ ነው፤ ሕዝብ ሲበዛ የሚዘረጋ፣ ሲሄድ የሚሰበሰብ። (እኛ አገር በመቋሚያ ተችሏል።) ቀጫጭን የእንጨት እግሮች፣ ሸራ፣ እግሮቹ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ የናስ ቀለበቶች፤ ሲታጠፍ እንደ ጃንጥላ ጥቅልል ይላል። በብዛት መመረት የጀመረው ግን በ1960 ገደማ ነው። ጥሩ ማጠፊያ ሃያ ስምንት ዓመት ወረቀት ላይ ሲጠብቅ አስቡት።

ሦስተኛው ጣሊያናዊ ነው፤ ጃንካርሎ ፒሬቲ፣ ለካስቴሊ ኩባንያ፣ 1967፣ ስሙ ፕሊያ። የብረት ዘንግ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ እና ጎኑ ላይ ሦስት ክብ የብረት ዲስኮች ተደራርበው የሠሩት አንድ ማጠፊያ። ወንበሩ ማለት ያ ማጠፊያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎት የመጣ ነው። በሚሊዮን ተሽጧል፤ ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም ውስጥ ገብቷል። ታጥፎ ይደረደራል፤ ተዘርግቶም አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም በእጃችን የለም፤ በደሞዛችንም አይኖርም። ታዲያ ምን ጠቀሙን? ዓይናችንን አዞሩት። አሮጌ ወንበር የሚሰበስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ስም ነው፤ ማን ነደፈው፣ የት ተሠራ፣ ስንት ያወጣል። እኛም ሰው ነን፣ ሁሉንም ወንበር እየገለበጥን ማኅተም ስንፈልግ ከረምን። አሁን ግን ስም ማየት ትተን ማጠፊያ ማየት ጀመርን። ማጠፊያው ጥሩ ከሆነ ምናለሽ ተራ የተገኘ ስም የለሽ ወንበርም የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ማጠፊያው ካለቀ ደግሞ የዴንማርክ ንጉሥ ቢቀመጥበትም አንገዛውም።

እንዴት እንደምንመርጥ እንንገራችሁ፤ ምስጢር የለውም። ዘርግተን እንቀመጥበታለን፤ መሐል ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለን። ደህና የተሠራ ተጣጣፊ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት የበለጠ ይዘረጋል፤ ክብደቱ ራሱ ይቆልፈዋል። ጫፉ ላይ ስትቀመጡ እጥፍ ልበል የሚል ከሆነ አመስግኖ መሄድ ነው። ከዚያ ቱቦላሬዎቹ እንደ መቀስ የሚተላለፉበትን ቦታ እናያለን። እዚያ ጭንቅላቱ የተቀጠቀጠ ሪቬት አለ። ሪቬቱ ላልቶ ከሆነ ችግር የለም፤ ተሰርስሮ ወጥቶ በብሎንና በማይፈታ ዳዶ ይተካል። ክብ የነበረው ቀዳዳ በመፋተግ ብዛት እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ ግን ነገሩ የበያጅ ነው፤ በያጅ ደግሞ ያንን ስስ ቱቦላሬ ሳያቃጥል መሙላት አለበት። እንዲህ ያለ በያጅ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን።

ብዙ ሰው የማያየው እግሩን ነው። የጎማ ጫማው የወለቀ እግር ከወለል ውኃ እየማገ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከውጭ ቀለሙ እያብረቀረቀ ውስጡ ዱቄት ይሆናል። የዐሥር ሳንቲም ጎማ ስንት ወንበር ገደለ! በሳንቲም መታ መታ አድርጉት፤ ደህናው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ያጉረመርማል። አንዴ ታጥፎ ጠፍጥፎ የተቃናም ቱቦላሬ አይታመንም፤ በዚያው ቦታ ይሰበራል። እንጨት ከሆነ ጥቃቅን ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አያስፈራም፤ ከቀዳዳው ሥር አዲስ ዱቄት ከፈሰሰ ግን ነቀዙ ገና እየበላ ነውና ወደ ቤት አታስገቡት። ሸራው ተቀዶ፣ ልጡ ተበጥሶ፣ ቀለሙ ተልጦ ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ። ነጋዴው በዚያ ምክንያት ዋጋ ይቀንሳል፤ እናንተ ደግሞ ሰፊ ታውቃላችሁ።

ስለ ቀለም ካነሣን አይቀር አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ሁለተኛ የገዛነው ወንበር አረንጓዴ ነበር፤ ከእጅ ብዛት መደገፊያው ላይ ያለው ቀለም ስስ ብሎ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩም ሥር ግራጫ ይታይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ (ራሱን ያውቃል) "ላሳምረው" ብሎ በግራይንደር ልጦ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀባው። አሁን ከፀጉር ቤት የተሰረቀ ይመስላል። ዕድሜው ተገፈፈ፤ እኛም የእርሳስ አቧራ ሳንተነፍስ አልቀረንም። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ልጆች ባሉበት ግቢማ ፈጽሞ። መነካት ካለበት ብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ እያራሳችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ነው።

ወደ እድራችን እንመለስ። ለፕላስቲኩ ወንበር ፍትሕ እንስጥ። እሱም ቢሆን ዘር አለው፤ ሄንሪ ማሶኔ የተባለ ፈረንሳዊ በ1972 ያወጣው ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ የሚቀረጽ ወንበር አያቱ ነው። ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ ይደረደራል፣ ጣት አይነክስም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ባለ እጁን ፕላስቲክ ይመርጣሉ፤ ተደግፈው ይነሣሉና። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ብረት ላይ መቀመጥም ምቾት የለውም። ይሄን ሁሉ እናምናለን፤ ባለ እጅ ፕላስቲክ ይገዛ።

ያልገባን "በምትካቸው" የምትለዋ ቃል ናት። የፕላስቲክ እግር አንዴ ከተሰበረ ተሰበረ፤ ብየዳ የለው፣ ብሎን የለው፤ ከሦስት ክረምት ፀሐይና ዝናብ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው ሲወድቅ ለቀስተኛው መሳቅም ማልቀስም አቅቶት እናየዋለን። መጋዘን ያለው የብረት ወንበር ደግሞ አባቶቻችን እንደሚሉት በጃንሆይ ጊዜ የተገዛ ነው። ደርግን አልፏል፤ የስንቱን ቤት ሰልስት ተቀምጧል። ሰው ሲገባ "ኖር!" ተብሎ ሁሉም ሲነሣ የሚሰማው የዚያ ብረት ጩኸት ሰፈራችን ያለው ብቸኛ ኦርኬስትራ ነው። ይሄ ሁሉ በኪሎ ሲመዘን ማጠፊያው ዋጋ የለውም፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ብረቱ ብቻ ነው። የቆየ ማጠፊያ ያለውንና ያለቀውን በአንድ ከረጢት መሸጥ ንጹሕ ኪሳራ ነው፤ ለእድሩም ጭምር።

የሰበሰባችሁትን ሁሉ ጠብቁ እያልንም አይደለም። ካፌ ግድግዳ ላይ ወንበር ሰቅሎ "አይነካም" የሚል ሰው ያናድደናል። የእኛም 11 ወንበሮች ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ ይወጣሉ፤ ባለፈው ክርስትና ላይ ሁሉም ሰው ተቀምጦባቸዋል፣ አንዱ ላይ ወጥ ፈስሷል። "እድሩ የማይፈልገውን ለእኛ ይሽጥልን" ማለት ሲቀለንም አላልንም። ወንበሮቹ ከድንኳኑ ከወጡ የእኛ ጌጥ ነው የሚሆኑት፤ እኛ ደግሞ እንዲቀመጡባቸው ነው የምንፈልገው።

ከስብሰባው በኋላ የእድሩን ዳኛ ቤታቸው ድረስ ሄደን አናገርናቸው። ቡና እስኪፈላ ሰሙን። ከዚያ ፈረዱ፦ እናንተ ደህና ነው ያላችሁት ይቆያል፣ የቀረው ይሸጣል፤ ለብሎኑና ለጎማው ከሽያጩ ይከፈላል። "ግን" አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ደህና ነው ባላችሁት ወንበር ላይ ለቀስተኛ ቢወድቅ ቅጣቱ የእናንተ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።" ተስማምተን ፈረምን።

እስካሁን 41 ወንበር አይተናል። በ26ቱ ጀርባ ላይ የጠመኔ ምልክት አድርገናል፤ በስምንቱ ላይ ተጣልተን ለብቻ አቁመናቸዋል፤ ሰባቱ ሞተዋል። 19 ይቀራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ነን፤ 13 ቁጥር መፍቻ ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ያለን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የተዋስነው።