«ከዚህች መስመር ያጠረ አይሳፈርም»

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ መኝታ ክፍል ንጽሕናና ስለ ሰዓት ማክበር ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ርዕሴ ግን የመዝናኛ ፓርክ ሕግ ነው። «ደግሞ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሠልጣኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀጥሎ «አትንካ፣ አትግባ፣ አትውጣ» የሚል ሰሌዳ በብዛት የሚያጋጥመው በመጫወቻ ስፍራ ይመስለኛል። ስለዚህ ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው እነዚያን ሰሌዳዎች ቆም ብሎ ቢያነብ አይጎዳም።

በመጀመሪያ ከሚያስቀው ልነሣ። በጃፓን አገር በፉጂ ተራራ አጠገብ ፉጂ-ኪው ሃይላንድ የሚባል የመዝናኛ ፓርክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው የነበሩት ፓርኮች እንደገና ሲከፈቱ፣ የአገሪቱ የመዝናኛ ፓርኮች ማኅበራት አንድ መመሪያ አወጡ። ይኸውም በሮለር ኮስተር ላይ የተሳፈረ ሰው እንዳይጮህ የሚጠይቅ ነበር። ሮለር ኮስተር ማለት በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ክፍት ባቡር ነው። እንግዲህ አስቡት! ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚሳፈረው ሊጮህ አይደለም እንዴ? ፓርኩ ሁለት ኃላፊዎቹ ጭምብል አጥልቀው፣ ቁልቁል እየተወረወሩ ትንፍሽ ሳይሉ ሲጓዙ የሚያሳይ ፊልም አሠራጨ። በመጨረሻም «እባክዎን በልብዎ ውስጥ ይጩሁ» የሚል ጽሑፍ አከለበት። ዓለም ሳቀ። ነገር ግን ማንም «ለምን?» አላለም። ሰው ሲጮህ ከአፉ የሚወጣው ፍንጣቂ በሽታውን እንደሚያዛምት በዚያ ዓመት ያልሰማ አልነበረምና።

በአሜሪካ አገር ያሉት የዲስኒ ፓርኮችም ግራ የሚያጋቡ ሕጎች አሏቸው። ዕድሜው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ጎብኚ የተረት ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ አይገባም። ሕፃን ልጅ ግን እንደ ልቡ ለብሶ ይገባል። ማስቲካ በፓርኩ ውስጥ አይሸጥም። በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1998 በተከፈተውና እንስሳት በሚገኙበት ፓርክ ደግሞ ፊኛ አይፈቀድም፤ ለስላሳ መጠጫ የፕላስቲክ ቀሰምም አይሰጥም። ምክንያቱን ሳትሰማ ብታነበው «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ትላለህ። ስትሰማው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ትልቅ ሰው ልብሱን ከለበሰ ትንሽ ልጅ የፓርኩ ሠራተኛ መስሎት እጁን ሊሰጠው ይችላል። ማስቲካ መሬትና ወንበር ላይ ይጣበቃል። ፊኛና ቀሰም እንስሳ ቢውጠው ይገድለዋል። እንግዳ የሚመስለው ሕግ ሁሉ ከንቱ አይደለም ማለት ነው።

ሁሉም ደግሞ እንዲህ ምክንያት አይገኝለትም። እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲስኒላንድ፣ በ1960ዎቹ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ወንዶችን ከበር ይመልስ ነበር። ወንድ ሠራተኞቹም እስከ 2000 ዓ.ም. ጢም ከከንፈራቸው በላይ ማሳደግ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የአገጭ ጢም የተፈቀደው በ2012 ነው። የሚገርመው መሥራቹ ዋልት ዲስኒ ራሱ ባለ ጢም ነበር! ሰውየው በገዛ ፓርኩ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ልቀጠር ቢል መላጨት ነበረበት። ሕጉ በመነሣቱ ምክንያት ከሐዲዱ የወጣ ባቡር የለም፤ በዚያ ሰበብ የተጎዳም ልጅ የለም። እንዲህ ያለው ሕግ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደንባችን ነው» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

በመካከል ያለም አለ። ሌጎላንድ ዲስከቨሪ ሴንተር በሚባሉት የሕፃናት መጫወቻዎች ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባም። እኛ የለመድነው «ያለ ወላጅ ልጅ አይገባም» የሚለውን ነው፤ እዚያ ግን ተገልብጧል። ምክንያቱ ሕፃናትን ከማይታወቅ ሰው መጠበቅ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሕግ እደግፋለሁ። ሆኖም ግን በዚያች በትንሽ ብሎክ ቤት መሥራት የሚወዱ ሽማግሌ ከበር ሲመለሱ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ምክንያቱን በትሕትና የሚነግራቸው ሰው ካላገኙ «ሌባ ተባልኩ» ብለው ነው የሚሄዱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በየአገሩ የሚገኘውና ልጆችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስለቅሰው የቁመት ሕግ ነው። በግድግዳ ላይ መስመር ይሠመራል፤ ከመስመሩ ያጠረ አይሳፈርም። በካሊፎርኒያው ዲስኒላንድ «ስፔስ ማውንቴን» ለሚባለው ባቡር 102 ሳንቲ ሜትር ይጠየቃል። በፍሎሪዳው ፓርክ ለሚገኘውና በስም ለሚመሳሰለው ባቡር ግን 112 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሙ አንድ፣ መስመሩ ሁለት! ልጁ ተመሳሳይ፣ ስሙ ተመሳሳይ፣ እዚህ ግባ እዚያ ውጣ። ሆኖም ሐዲዱም ተሽከርካሪውም የተለያየ ነው። በአንደኛው ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በሌላው አንዱ ከሌላው ኋላ ነው። መስመሩ የሚሠመረው ለስሙ ሳይሆን ለመቀመጫው ነው።

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ባቡሩ ከጉብታው ጫፍ ላይ ድንገት ቁልቁል ሲታጠፍ የተሳፋሪው ሰውነት በነበረበት አቅጣጫ መጓዙን መቀጠል ይፈልጋል፤ ይኸውም ከመቀመጫው ይነሣል። የሚይዘው በጭኑ ወይም በትከሻው ላይ የሚወርደው ብረት ነው። ብረቱ ደግሞ የተሠራው ለተወሰነ የሰውነት መጠን ነው። ትንሽ ልጅ ከሆነ በብረቱና በጭኑ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ በክፍተቱም ሾልኮ ይወጣል። ስለሆነም ጥያቄው ስለ ዕድሜ አይደለም፤ ስለ ጉብዝናም አይደለም።

እኛ አገር እንኳ የሰውነት መለኪያ እንግዳ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ለመግባት ልጁ ቀኝ እጁን በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይጠየቅ የነበረውን ማን ይረሳል? የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ዘመን ዕድሜ የሚገመተው በዚያ ነበር። ሕፃን ሲያድግ ክንዱ ከጭንቅላቱ ይልቅ ፈጥኖ ይረዝማልና ነገሩ መሠረት ነበረው። ግን ጆሮው ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ወደ ቤቱ ለተመለሰው ልጅ ይህን ያስረዳው ሰው ስንት ነው?

የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ መጫወቻ ቦታ ሄጄ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትንሽ አጠር ይላል። ከኋላው የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ አለፈች፤ እሱ ቀረ። «ለምን?» አለ። «አይቻልም ተብሏል!» አለው ሠራተኛው። «እሷ ታንሰኝ የለም እንዴ?» ቢል «ሕጉ ነው፤ ዞር በል!» ተባለ። ከአንድ ወር በኋላ ሲሮጥ እግሩ ሲንሻፈፍ አይቼ ጫማውን ባስወልቀው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከደብተር ሽፋን አጣጥፎ የሠራው ወፍራም ካርቶን! ለሚቀጥለው ጊዜ እየተለማመደ ነበር። በሁለቱም ጫማ ሲሆን ቁመቱ ለመስመሩ በቂ ይሆን ነበር። ሰውነቱን ግን ካርቶኑ አያወፍረውም። ያን ዕለት ወንበር ላይ አስቀመጥሁት፤ በእናቱ መቀነት ላላ አድርጌ አሰርሁትና «እስቲ ተንሸራተህ ውጣ» አልሁት። በአንድ ትንፋሽ ከሥር ወጣ። ከዚያ «አሁን ወንበሩ ሰማይ ላይ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ካርቶኑን ራሱ ጣለው። አሁን ለሠፈር ልጆች እሱ ነው በመቀነት የሚያስተምረው። ያ ሠራተኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ ካርቶኑ አይታጠፍም ነበር።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ካለ ይህን ልንገረው። በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ከተማ 131 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰዎችን በዙሪያው አስቀምጦ ወደ ላይ ከወሰደ በኋላ ቁልቁል የሚለቅ ማማ ነበረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2022 ዓ.ም. ለጉብኝት የመጣ የ14 ዓመት ልጅ ከመቀመጫው ወድቆ ሞተ። አምራቹ ባዘጋጀው የአሠራር መመሪያ ላይ የአንድ ተሳፋሪ ክብደት ከ130 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተጽፎ ነበር። ልጁ ከዚያ በላይ ይመዝን ነበር። በምርመራም የመቀመጫው ጠቋሚ መሣሪያ በእጅ ተነካክቶ፣ የትከሻው መያዣ ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ ማሽኑ «ዝግጁ» እንዲል መደረጉ ተገለጸ። ወላጆቹ ባቀረቡት ክስ፣ ልጃቸው ስለ አደጋው ማስጠንቀቂያ አልተሰጠውም ብለዋል። እንግዲህ ሕጉ ነበረ። የሚያድን ሕግ ነበረ። የተጻፈው ግን በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው ቦታ የልጁ ጆሮ ነበር። የፓርኩን ጢም የሚከለክለው ሕግ በሠራተኛው ሁሉ ዘንድ ሲታወቅ፣ ነፍስ የሚያድነው ከወረቀት አለመውጣቱ አያናድድም?

ይህን ረቂቅ ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ባነበው «አንተ ደግሞ! ስድሳ ልጅ ፊት ቆመህ ለእያንዳንዱ ሕግ ምክንያት ስትደረድር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጅ ምክንያት አይገባውም፤ እንቢ ሲል ቆጣ ማለት ነው» አለኝ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ልጅ ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ «ቁም!» ነው የሚባለው፤ ምክንያቱ በኋላ ይደርሳል። የፓርኩም ሠራተኛ መቶ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቀው ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር መከራከር አይችልም። ግን ሰልፉ ራሱ ለምንድነው? ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያየው አጥቶ ያንኑ መስመር ነው የሚያየው። «ከዚህች መስመር ያጠረ አይሳፈርም» ከሚለው ሥር «መያዣው ለትንሽ ሰውነት ስለማይጠብቅ ነው፤ ስታድግ ና» የሚል ሁለት መስመር መጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ልጅ ምክንያት አይገባውም ለሚለው ደግሞ የእህቴን ልጅ ከነመቀነቱ አመጣለታለሁ።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንሠማራለን። ሁላችንም መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የምንለጥፈው የሕግ ዝርዝር እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ባለፈው የሠሩትን የታላላቆቻችንን አይቻለሁና። «አትሩጥ»፣ «ያለ ፈቃድ አትነሣ»፣ «መስኮት አትክፈት»። የእኔ ሐሳብ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ምክንያት እንጻፍ የሚል ነው። ምክንያቱን ልንጽፈው ስንቀመጥ እጃችን ላይ የሚቀር ሕግ ካለ፣ እሱን ሳንለጥፈው ብንቀር የሚጎዳ ልጅ የለም።

እስከዚያው ግን ከዚሁ ከግቢያችን እንጀምር። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው በር ላይ «በዚህ ማለፍ በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። በሩ ወደ ምግብ ቤት ስለሚያቀርብ ቀን ቀን ማንም አይደፍረውም፤ ማታ ግን ሁሉም ያልፍበታል። ሁለት መምህራንን ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ አገኘሁ፤ አንደኛው ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሣሩ። ገመድ ከሆነ ማታ የምናልፈው ሁሉ ዛሬውኑ ማወቅ አለብን። ትክክለኛውን ምክንያት የሚያውቅ መምህር ወይም ሠልጣኝ ካለ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ እርሳስም በክር አንጠልጥያለሁ።