ውሃ ለደከመ እግር

ሰው ሲታመም ሕመሙን በአንደበቱ ይናገራል፤ እንስሳ ግን አንደበት ስለሌለው፣ ጌታው ካላስተዋለለት በቀር ሌላ ጠበቃ የለውም። ስለዚህ የሚያነክሰውን እንስሳ አይረባም ብሎ ከመጣል በፊት፣ የሚድንበትን መንገድ መርምሮ ማወቅ የአሳዳሪው ግዴታ ነው። ከዚህም መንገድ አንዱ ውሃ ነው።

የውሃ ጥቅሙ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ግልጽ ነው። ውሃ በውስጡ የቆመውን አካል ወደ ላይ ይደግፋል፤ በእግር ላይ የሚያርፈውም ክብደት ይቀንሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር እንደሚያስረዳው፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ የደረሰ ውሻ ከክብደቱ 85 ከመቶ፣ እስከ ዳሌው የደረሰ ግን 38 ከመቶ ብቻ በእግሮቹ ይሸከማል። ከዚህም ጋራ ውሃው የሚራመደውን እግር በልስላሴ ስለሚገታው፣ የሰለለው ጡንቻ ሳይጎዳ ይበረታል። ስለዚህ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሐኪም ያከመው፣ ወይም በእርጅና መገጣጠሚያው የታመመ ውሻ፣ በደረቅ መሬት ያቃተውን እርምጃ በውሃ ውስጥ ሊራመድ ይችላል።

ለዚህ ነገር ሬድ ረም የተባለው ፈረስ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ ፈረስ የኮቴው ውስጥ አጥንት ታሞበት ሳለ፣ አሠልጣኙ ጂንጀር ማኬይን በእንግሊዝ አገር በሳውዝፖርት ባሕር ዳር በአሸዋው ላይ ያስሮጠው፣ በባሕሩም ውሃ ውስጥ ያስኬደው ነበር። ፈረሱም ግራንድ ናሽናል የተባለውን ከባድ እሽቅድድም በ1973፣ በ1974 እና በ1977 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ድሉ ሁሉ የውሃው ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ያነከሰ ሁሉ ዋጋ የለውም ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ነው።

ሆኖም መልካም ነገር ሁሉ ልክ አለው። ቁስሉ ያልደረቀ፣ ልቡ የደከመ ወይም ትኩሳት የያዘው እንስሳ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ወደ ገንዳ መግባት አይገባውም፤ ውሃ የሚፈራውንም በግድ መንከር ጭካኔ እንጂ ሕክምና አይደለም። ገንዳ የሌለው ሰው ደግሞ የፈረሱ ወይም የበቅሎው እግር በድንገት ቢያብጥ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰበት ሐኪም ይጥራ።

በጉልበቱ ስናገለግለው ሳይሆን ሲያገለግለን የኖረ እንስሳ፣ ጉልበቱ በከዳው ቀን ከደጃችን ልናባርረው አይገባም። ብድሩን የምንመልስበት ጊዜ ያን ጊዜ ነው።