ጤና መድኑ የማይከፍልበት ምርመራ

በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር አንድ አባወራ በስትሮክ ተመትቶ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ቢለው፣ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ አስቀድሞ መዋጮው ይጀመራል። ጎሣው ይጠራራል። ከተማ ያለው በዛድ፣ ለንደንና ሚኒሶታ ያለው በሐዋላ ይልካል። ዛድ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የስልክ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ትገበያይበታለች። ሶማሌዎች ቃራን የሚሉት ይህ መዋጮ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ከፈረሰች በኋላም ሰዉን ሰው አድርጎ ያቆየ መረዳዳት ነው። የማነሳውም በአክብሮት ነው።

ግን ቃራን የሚጠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። የእኛ የኢትዮጵያውያንም ዕድር ድንኳን የሚተክለው ከሞት በኋላ ነው። ያ አባወራ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ዓመታት ኖሮ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ከአወዳይ የመጣ ጫት ይቅማል፤ ጫት ደግሞ ግፊት ይጨምራል። ሻዩን በብዙ ስኳር ይጠጣል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ክንዱን ጠቅልሎ ግፊቱን የለካው ሰው የለም። የእናቶችና የሕፃናት ጤና ማዕከሉ ለነፍሰ ጡሮችና ለክትባት የተቋቋመ ስለሆነ የሃምሳ ዓመት ወንድ ደጁን አይረግጥም። እሱ የሚያውቀው መድኃኒት ቤቱን ነው፤ እዚያም የሚሄደው ሲያመው ነው። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት ግፊት ካለባቸው ዐዋቂዎች መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም።

ይህን ክፍተት ይሞላል ብለን የምንጠብቀው የጤና መድንን ነው። በሶማሌላንድ ብዙኃኑ ዛሬም የሚታከመው ከኪሱ እየከፈለ ነው። እኛ ቀድመን ጀምረናል፤ ስለዚህ የእኛን ሕግ ገልጦ ማየት ለእነሱም ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነበር፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 191 ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ተከተለ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ። አዋጁ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቢቆይም ደንቡ መነበብ አለበት፤ ሕግ አውጪው ስለ ሕመም ምን ያስብ እንደነበር ያሳያልና። መድኑ የማይሸፍናቸው ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ከሕመም ጋር ያልተያያዘ በየጊዜው የሚደረግ የጤና ምርመራ አለ። በዚያው ዝርዝር ትንሽ ወረድ ሲባል የኩላሊት እጥበት ይገኛል፤ የሚፈቀደው ኩላሊት በድንገት ለደከመበት ሰው ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለት ነጥቦች አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ባነበብኳቸው ቁጥር እናደዳለሁ። ኩላሊትን ቀስ በቀስ ከሚገድሉ በሽታዎች ዋነኞቹ ያልታከመ ግፊትና ያልታከመ ስኳር ናቸው። ሁለቱም በቀላል ምርመራ ይታወቃሉ፣ ርካሽ በሆነ እንክብልም ይያዛሉ። ደንቡ ግን አባሉን በመጀመሪያ ገና ምንም ሳያመው “ሳትታመም አልመረምርህም” ይለዋል። ከዓመታት በኋላ ኩላሊቱ ጨርሶ ሲደክም ደግሞ “ይህ ከአቅሜ በላይ ነው” ይለዋል። አባሉ በሁለቱም ጫፍ ብቻውን ነው። በመሐል ያለውን ሕመም ለማከም ግን መድኑ ሳያቋርጥ እንዲከፍል ታስቧል። ይህ ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለመድኑ ካዝናም ክፉ ስሌት ነው።

ለደንቡ የሚከራከሩ ሰዎች መልስ አላቸው፤ የመጀመሪያው ትክክል ነው። መከላከል በኢትዮጵያ ከመድን ውጭ በነፃ ይሰጣል፦ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትል፣ የማዋለድ አገልግሎት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም አይከፈልባቸውም። በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መውሰድ የጀመሩትም እንዲሁ በነፃ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ የተሠራው በአብዛኛው ለእናትና ለሕፃን፣ ለተላላፊ በሽታም ነው። የአርባና የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ግፊትና ስኳር ከነፃው ዝርዝርም ከመድኑም ውጭ ወድቆ ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ ስለ ወጪ ነው፦ ጤነኛ ሰው ሁሉ “ቼክአፕ” እያለ ቢሰለፍ ካዝናው ይራቆታል ይላሉ። እዚህ ላይ ስጋታቸውን እጋራለሁ። የግል ሆስፒታሎች በጥቅል የሚሸጡት ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚደረግ ምርመራ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ማስረጃ የለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ ጤነኛ ዐዋቂዎች ላይ የሚደረግ ጠቅላላ ምርመራ ሞትን እንደማይቀንስ አገኘ። እኔም መድኑ ያን እንዲከፍል አልጠይቅም። የምጠይቀው አጭር ዝርዝር ነው፦ ግፊት፤ ለአደጋው ለተጋለጡት የስኳር ምርመራ፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ። እነዚህ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ያልተለመደ ውጤት ሲገኝም የሚደረገው ነገር ይታወቃል፤ ያ ከሌለ ምርመራው ራሱ ጭንቀት ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን መስመር በሕግ አስምረዋል። በእኛ አዋጅ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አሜሪካ ባወጣችው የጤና ሕግ ባለሙያዎች ያጸደቋቸውን የመከላከያ አገልግሎቶች መድን ድርጅቶች ከታካሚው ሳንቲም ሳይቀበሉ እንዲሸፍኑ አስገደደች። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ አባላትን የመመርመር ግዴታ የጣለችው በመድኖቹ ላይ ነው። ሁለቱም ሀብታም ስለሆኑ ነው ይባል ይሆናል። የግፊት መለኪያ ግን የሀብታም ዕቃ አይደለም።

ቀድሞ መከላከል እንደሚያዋጣ ሐርጌሳ የራሷ ምስክር አላት። ወይዘሮ ኤድና አደን እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማዋ ሆስፒታላቸውን ሲከፍቱ የጡረታ ገንዘባቸውን አፍስሰው ነበር፤ ከዚያም አዋላጆችን ማሠልጠን ያዙ፤ ግባቸው አንድ ሺሕ አዋላጅ ነበር። አዋላጅ የምትሠራው አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሶማሌላንድ የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ከ100 ሺሕ ሕያው ውልደት 396 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። ይህ ቁጥር የሚወርደው በእርግዝና ክትትልና በአዋላጅ እጅ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና በሚሰበሰብ ቃራን ብቻ አይሆንም።

ችግሩን ድንበርም አያግደውም፤ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ ተሻግረው ሐርጌሳ ውስጥ ግንባታ ላይ የሚውሉ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ። የጤና መድን ካርዳቸው የሚሠራው ወረዳቸው ውል ከተፈራረማቸው ተቋማት ዘንድ ብቻ ነው፤ ድንበሩን ሲያልፉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከወዲያ ደግሞ ሶማሌላንዳውያን ለሕክምና ወደ ጅግጅጋና ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደርሱም አሉ።

ታዲያ የት ይጀመር? በእኛ በኩል መንገዱ አለ። ከማኅበራዊው መድን የተለየው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ተሞክሮ ዛሬ ከሺሕ በላይ ወረዳዎች ደርሷል። ከ30 ሺሕ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቀበሌው ተመድበዋል። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ካርዱን ማሳደስ አለበት፤ ያን ቀን ሳይታመም በራሱ እግር ይመጣል። በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ገንዘቡ ሲቆጠር በሌላው ጫፍ ግፊቱ ይለካ፤ ውጤቱም ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ከፍ ያለበት ሰው የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ይዞ ይሂድ፤ መድኃኒቱንም መድኑ ይሸፍን። ሐርጌሳም አንድ ቀን የራሷን መድን ስታቋቁም መዋጮው በዛድ መግባቱ አይቀርም፤ የመጀመሪያውን ክፍያ የላከ የአሕመድ ዳጋህ አባወራ የሚደርሰው መልእክት ግፊቱን የሚለካበትን ቦታና ቀን የያዘ ይሁን።