ቶልዲን ለታንክ ማን ሰጠው?

ሆቢ ቦስ የተባለው የቻይና ኩባንያ ከሚያወጣቸው ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎች አንዱ «38ኤም ቶልዲ» ይባላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሃንጋሪ ቀላል ታንክ ነው፤ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ አንሶ በጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ቁርጥራጩን እየሞረዱ፣ ሰንሰለቱን እየቀጠሉ ማምሸት ጨዋ መዝናኛ ነው፤ ከሠሪዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከስሙ ነው።

ሚክሎሽ ቶልዲ ገጣሚው ያኖሽ አራኒ እ.ኤ.አ. በ1846 በጻፈው ረጅም ትረካዊ ግጥም ዘላለማዊ ያደረገው የገጠር ጎበዝ ነው። የቡዳን መንገድ ለጠየቁት ወታደሮች ከባድ ምሰሶ በአንድ እጁ አንሥቶ የሚያመለክት፤ ወንድሙ ርስቱን የነፈገው፤ ከተኩላ ጋር በባዶ እጁ የሚተናነቅ፤ እናቱ በዳቦ ውስጥ ወርቅ ደብቃ የምትልክለት። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ላለው ሰው 13 ሚሊ ሜትር ብረትና 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ምን ያደርግለታል?

«ስም ብቻ ነው፤ እንዲያውም ለሥነ ጽሑፍ ክብር ነው» የሚሉ አሉ። ክብር! እኔ ቀኑን በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ፤ ባለ ሒሳቡ ሳይፈርም ገንዘብ ወጪ ሆኖ «ለባለ ሒሳቡ ክብር ነው» ያለ ኦዲተር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አራኒ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ታንኩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። እንግዲህ ማን ፈረመ? ለብረቱማ ሕግ ነበረው፤ ላንድስቨርክ ኤል-60 የተባለውን የስዊድን ታንክ ለመሥራት ፈቃድ ተገዝቷል። ስሙ ግን ያለ ፈቃድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ዩጎዝላቪያና ወደ ሶቪየት ኅብረት ዘመተ።

በሕይወት የነበረውስ ገጣሚ? የቶልዲ ሞክሼ ሚክሎሽ ራድኖቲ በአይሁድ ትውልዱ ምክንያት ለግዳጅ ሥራ ተነዳ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1944፣ መራመድ ሲያቅተው፣ አብዳ በተባለች መንደር አጠገብ የገደሉት ጀርመኖች አይደሉም፤ የገዛ አገሩ ጠባቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የጅምላ መቃብሩ ሲከፈት ከካፖርቱ ኪስ ትንሽ የግጥም ደብተር ወጣ።

ክብር የሚሉን ሰዎች ይህን ደብተር ከታንኩ ጎን ያስቀምጡና እንደገና ያስረዱን።