ብረቱን እንቀርጻለን፣ ቺፑንስ?

በዚህች ቡለቲን ላይ ስለ ሞተርና ስለ ማርሽ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን በኪሳችን ይዘን ስለምንዞረው ትንሽ ነገር፣ ስለ መኪና ቁልፍ ነው። “ይኼ ደግሞ ምን ያጽፋል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ባለፈው ክረምት ቡሌ ላይ የሆነውን ባላይ ኖሮ እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አንዲት ያገለገለች ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችው። ከቡሌ ገብስና ድንች ጭኖ ዲላ ያወርዳል፣ ሲመለስ የሱቅ ዕቃ ይዞ ይወጣል። መኪናዋን አዲስ አበባ ሲገዛ ሻጩ የሰጠው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። “ሁለተኛው እቤት አለ፣ በሰው እልክልሃለሁ” አለው። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው፣ ቁልፉ እስካሁን በሰው እየመጣ ነው። አጎቴም ያቺን አንዷን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። በገበያ ቀን፣ ጭጋጉ አላሳይ ብሎ ዝናቡም እያካፋ፣ ጭነት ሲያስጭን ክሩ ተበጠሰ። ቡሌን የምታውቁ የክረምት ጭቃዋን ታውቁታላችሁ። የሰፈር ልጆች በባዶ እግራቸው ሲያስሱ ዋሉ፤ ቁልፉ ግን የውኃ ሽታ ሆነ።

ማታ ደወለልኝ። “አንተ መኪና አይደል እንዴ የምትማረው? ና እንጂ!” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቶ የበርና የጓጉንቸር ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ለምኜ ይዤ ወጣሁ። ሰውየው ባለሙያ ነው፣ ይህን አልክድም። የበሩን ቁልፍ ማስገቢያ ፈትቶ አወጣ፣ ውስጡ የተደረደሩትን ቀጫጭን የናስ ቁርጥራጮች ቁመት አንድ በአንድ እያየ፣ በእጅ ሞረድ እየሞረደ ከባዶ ብረት ቁልፍ አወጣለት። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀበት። በሩ ተከፈተ። መሪው ተፈታ። አጎቴ “ተመስገን!” ብሎ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሪኖውም ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ቁልፍ ቀራጩ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት፣ አጎቴ ደግሞ ሁለታችንንም አየን።

ያቺ ቀይ መብራት የኢሞቢላይዘር መብራት ናት። “ይህን ቁልፍ አላውቀውም” ማለቷ ነው። መኪናዋ አራት ቀን እዚያው ቆመች። በመጨረሻ ከሐዋሳ አንድ ላፕቶፕ የያዘ ሰው መጥቶ ኮምፒውተሩን ከዳሽቦርዱ ሥር ፈትቶ አወጣ፣ ሜሞሪውን አንብቦ አስተካክሎ ጻፈበት፣ ከዚያም ሁለት ባለ ቺፕ ቁልፍ አስተዋወቀው። የወሰደው ገንዘብ መኪናዋ በሁለት ሳምንት ከምታስገባው ይበልጣል። እሺ፣ ገንዘቡ ይሁን። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው ሥራውን ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ሊብሬ አልጠየቀም። መኪናዋ የማን እንደሆነች፣ እኛ እነማን እንደሆንን አልጠየቀም። የሻንሲ ቁጥሯን እንኳ አልመዘገበም። ሌቦች ብንሆን ኖሮ ያው ሥራ በያው ዋጋ ይሠራልን ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ስለምን ዓይነት ቁልፍ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። ድሮ ቁልፍ ብረት ነበር፣ በቃ። ቁልፍን በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሳት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 በክራይስለር መኪኖች ነው። በእኛም አገር ዲኤክሱ፣ ላዳው፣ የድሮው አይሱዙ፣ ባጃጁም ጭምር የሚነሱት በተራ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ሞራጁ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ያለቀ ቁልፍ አስመስሎ ማስቀረጽ ማለት ማለቁንም አብሮ መቅረጽ ነው። አዲሱ ቁልፍ በማግስቱ “አልዞር አለ” የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው አዲስ ሲሆን ከቁልፉ ጋር ቁጥር የተመታባት ትንሽ የብረት ታርጋ ትመጣለች። ያቺ ቁጥር ካለች በእጅ ያለው ቁልፍ ቢያልቅም ፋብሪካው ባወጣው ልክ መቅረጽ ይቻላል። ስንቶቻችን ነን ያቺን ታርጋ ያስቀመጥን? ብዙው ሰው የልጅ መጫወቻ አድርጓታል።

ብረት ብቻውን እንደማይበቃ ፋብሪካዎቹ የተረዱት ቀስ እያሉ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮርቬት በተባለችው መኪናው ቁልፍ ላይ ትንሽ ሬዚስተር ቀበረ። የሬዚስተሩ ልክ 15 ዓይነት ብቻ ስለነበር ትዕግሥት ያለው ሌባ እየሞከረ ይደርስበታል። ቀጥሎ የመጣው ቺፑ፣ ማለትም ትራንስፖንደሩ ነው። ይህ ቺፕ ከቁልፉ ፕላስቲክ ራስ ውስጥ የተቀበረ ሲሆን የራሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ቁልፉ ሲዞር ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል፣ ቺፑም ስሙን ይናገራል። ኮምፒውተሩ ስሙን ካላወቀው ነዳጅ አይረጭም። የአጎቴ መኪና ያደረገችው ይህንኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፣ ካናዳም በ2007 ተከትላለች። አሜሪካ ግን ግዴታ አላደረገችም። ውጤቱም ታይቷል። ከ2011 እስከ 2021 እዚያ ከተሸጡት የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር ስላልነበራቸው ወጣቶች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሱ ሲሰርቋቸው ከርመዋል። ስለዚህ “ድሮ ይሻል ነበር፣ ቺፑ ምን ያደርጋል?” የሚለውን የአጎቴን ንግግር አልቀበልም።

በጋራዥ ሰፈር ብዙ ሰው የሚያምታታው ሪሞቱንና ቺፑን ነው። ሁለቱ አንድ ቀፎ ውስጥ ይኑሩ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የሪሞቱ ባትሪ ቢሞት በሩን በብረቱ ከፍቶ መኪናውን ማስነሳት ይቻላል፣ ምክንያቱም ቺፑ ባትሪ አይፈልግም። (በነገራችን ላይ ባትሪው ላይ 2032 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እኔ ዓመተ ምሕረት ይመስለኝ ነበር።) ሪሞት የምትገዙ ደግሞ ሞገዱን ጠይቁ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው በ315 አካባቢ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በ433 ሜጋ ኸርዝ ነው የሚሠራው። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ የሌላውን መኪና አይከፍትም። ስማርት ቁልፍ የሚባለው ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራው ነው፤ ባትሪው ሲደክም ቁልፉን ማስነሻው በተን ላይ ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ለበሩም ሆዱ ውስጥ የተደበቀች ብረት አለችው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለ ቺፕ መኪና አንድ ቁልፍ በእጅ ካለ ሁለተኛውን ማውጣት ቀላል ነው። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ጥቁሩ ቁልፍ ዋና፣ ግራጫው ረዳት ነው፤ ዋናው በእጅ ካለ አዲሱን ለኮምፒውተሩ ማስተዋወቅ ይቻላል። የድሮው የቶዮታ ቺፕ ኮዱ የማይለዋወጥ ስለሆነ በትንሽ ማሽን ይገለበጣል። ብረቱ ላይ ጂ ወይም ኤች የሚል የላቲን ፊደል የተመታባቸው የኋለኞቹ ግን ከበድ ይላሉ። ሁሉም ቁልፍ ከጠፋ ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ወይ ይፈታል ወይ ይቀየራል። ማለትም ያው ቁልፍ፣ ሳይጠፋ ሲሆን የቀን ሥራ፣ ከጠፋ በኋላ የሳምንት መከራ ነው።

ሌላም አለ፣ ይህኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ ቁልፍ መጨመርና የጠፋውን መሰረዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አዲሱ ቢጨመርም አሮጌው ካልተሰረዘ ኮምፒውተሩ አሁንም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ “እቤት አለ” ያለው ቁልፍ ሦስት ዓመት ሙሉ የአጎቴን መኪና ሊያስነሳ ይችል ነበር። እኔ ባየኋቸው የመኪና ሽያጭ ውሎች ላይ የታርጋ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር ይጻፋል። “ሻጭ ስንት ቁልፍ አስረክቧል” የሚል መስመር ግን አላየሁም። ለምን አይጻፍም? አንድ መስመር ነው እኮ።

ይህ ጉዳይ ደግሞ እየባሰ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ በየዝውውሩም ቁልፍ ይጎድላል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ በበኩላቸው እንደ ቢዋይዲ ያሉት በካርድና በስልክ ጭምር ይከፈታሉ። የስልኩ ቁልፍ ከባለቤቱ አካውንት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ መኪናዋ ስትሸጥ አሮጌው ስልክ ካልወጣ “እቤት አለ” የሚባለው ቁልፍ አሁን በሻጩ ኪስ ውስጥ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ምን እየተማርን ነው? ካንዴላ እንፈታለን፣ ሞተሪኖ ገልብጠን እንገጥማለን፣ ይህ ጥሩ ነው። ኢሞቢላይዘር ግን በማስታወሻዬ ላይ አንድ ገጽ አይሞላም፣ በዎርክሾፕም በእጃችን አልነካነውም። ይህን ሐሳብ በክፍል ውይይት ላይ ሳነሳ አንድ የማከብራቸው መምህር “ይህን ማስተማር ሌባ ማሠልጠን ይሆናል” አሉ። አንዳንድ ተማሪዎችም አጨበጨቡ። ስጋታቸው ቀላል አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮ የተነቀለበት ሰው ሁሉ ይረዳቸዋል። እኔ ግን በአክብሮት አልስማማም።

ምክንያቴ ይህ ነው፦ ዕውቀቱ ዛሬም አለ፣ የሌለው ሥርዓቱ ነው። በውጭ አገርም ደብቆ ማቆየት አልተቻለም። ቮልስዋገን በብዙ መኪኖቹ ላይ የተገጠመውን ቺፕ ድክመት ያገኙ የእንግሊዝና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን እንዳያሳትሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ከለንደን ፍርድ ቤት ማገጃ አውጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተቀንሶ ታተመ። ሌባው የሚማርበት አያጣም። የሚቸገረው ድንቹ ጭቃ ላይ የቀረበት ሰው ነው። ሊብሬ ሳይጠይቅ የሚሠራው ሰው ሊብሬ መጠየቅ እንዳለበት ማን አስተማረው? እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ብንማረው መጀመሪያ የምንማረው መጠየቁን ይሆን ነበር።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር እንዲያስብበት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ አንድ የኢሞቢላይዘር ኮምፒውተር ከሽቦ ጥቅሉና ከሁለት ቁልፎች ጋር ጠረጴዛ ላይ ተገጥሞ ይቀመጥልን። አዲስ መኪና አልጠየቅንም፣ ሶማሌ ተራ ፈልጎ የሚያጣው ነገር ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ በዎርክሾፑ ቁልፍ የሚሠራለት ሰው ሊብሬና መታወቂያ የሚያሳይበት፣ የሻንሲ ቁጥርና ቀን የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር፤ የሌላ ሰው መኪና ከሆነ ውክልና ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ዲላ ላይ በጃንጥላ ሥር የሚሠሩትን ቁልፍ ቀራጮች እንጥራቸው። የዚያ ሰው እጅ እኔ የሌለኝ ሙያ አለው። እሱ ሞረዱን ያስተምረን፣ እኛ ቺፑን እናስተምረው።

አጎቴን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። “ሁለተኛውን ቁልፍ የት አስቀመጥከው?” አልኩት። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸዋል። “ክሩን ግን ወፍራም አድርጌዋለሁ” አለኝ። አንዷን ተቀብዬ ለአክስቴ ሰጠኋት፣ ሊብሬው ያለበት ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች።

በሐሳቤ የማይስማማ ተማሪም ሆነ መምህር በሚቀጥለው ዕትም ቢጽፍ ደስ ይለኛል።